የሚያንኳኳው ልጅ ምን ይዞ ይመጣል? ከነፍስ ዳቦ እስከ ከረሜላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ አንባብያን፣ በየዓመቱ ኦክቶበር 31 ቀን ምሽት በአሜሪካና በካናዳ ከተሞች የሚሆነውን ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል፤ ያላያችሁትም በፊልም ተመልክታችሁታል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ልጆች ጭምብል አጥልቀው፣ ከረጢት አንጠልጥለው ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። በር ያንኳኳሉ፤ ይከፈትላቸዋል፤ ከረሜላና ቸኮሌት ይሰጣቸዋል፤ ወደሚቀጥለው በር ይሮጣሉ። በዓሉ ሃሎዊን ይባላል።

ነገሩን ረጋ ብሎ ላሰበው ሰው እንግዳ ነው። ዓመቱን ሙሉ ልጁን «ከማታውቀው ሰው ምንም አትቀበል» ሲል የሚመክር ወላጅ፣ በዚያች ምሽት የልጁን እጅ ይዞ ወደማያውቀው ሰው ደጅ ይወስደዋል። ሌላ ጊዜ በጨለማ መውጣት የተከለከለ ልጅ በዚያች ሌሊት ጨለማው የእርሱ ይሆናል። ያም ሆኖ እጅግ የሚማርክ ነገር አለው። በባዕድ አገር ልጆች የሚያሳድጉ ምእመናን ይህን ማራኪነት ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ልጃቸው ከትምህርት ቤት መጥቶ «ሁሉም ይሄዳሉ፤ እኔስ?» ሲላቸው የሚመልሱት ይቸግራቸዋልና።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ፈጣን መልሶች ሲሰጡ እንሰማለን። አንዱ «የሰይጣን በዓል ነው፤ ዝም በል» የሚል ነው። ሌላው «ከረሜላ ብቻ ነው፤ ምን ችግር አለው?» የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች የነገሩን ታሪክ ሳይጠይቁ ያልፋሉ። ታሪኩን ስንመረምር ግን ለእነርሱ ብቻ ሳይሆን ለእኛም የሚሆን ትምህርት እናገኝበታለን። ስለ ምዕራቡ ዓለም ታሪክ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

የስሙ ትርጉምና የበዓሉ መነሻ

ሃሎዊን የሚለው ቃል ከጥንታዊ እንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ» ማለት ነው። ስሙ ራሱ ክርስቲያናዊ ነው። በሮም በ609 ዓ.ም. ገደማ ጳጳሱ ቦኒፋቲዮስ 4ኛ፣ ፓንተዎን የተባለውን የቀድሞ የጣዖታት ቤት በእመቤታችንና በሰማዕታት ሁሉ ስም ሜይ 13 ቀን ቀድሰውታል። ከዚያም ከ731 እስከ 741 በመንበሩ የነበሩት ጎርጎርዮስ 3ኛ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለቅዱሳን ሁሉ መታሰቢያ የሚሆን የጸሎት ቤት አቆሙ። በ835 ደግሞ በፍራንኮች ንጉሥ በሉዊ ዘመን በዓሉ በኖቬምበር 1 ቀን በግዛቱ ሁሉ እንዲከበር ታወጀ። የምሥራቅ ኦርቶዶክሳውያን ይህንኑ መታሰቢያ ከበዓለ ጰራቅሊጦስ ቀጥሎ ባለው እሑድ ያከብሩታል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቅዱሳን ዕለት ዕለት በስንክሳር ይታሰባሉ።

«በዓሉ የጥንት አይርላንዳውያን የአረማዊ በዓል ነው» የሚል ወሬም በሰፊው ይነገራል። በእርግጥ በአይርላንድ ሳዊን የሚባል የክረምት መግቢያ በዓል በኖቬምበር መጀመሪያ ይከበር ነበር። በዚያች ሌሊት በሕያዋንና በማይታየው ዓለም መካከል ያለው ወሰን ይሳሳል የሚል እምነትም በሕዝቡ ዘንድ ነበረ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ የጥንት አይርላንድ ክርስቲያኖች የቅዱሳን ሁሉን በዓል ያከብሩ የነበረው በአፕሪል 20 ቀን ነው። ኖቬምበር 1 ቀን በመጀመሪያ ጎልቶ የታየው በእንግሊዝና በጀርመን ምድር ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን የአይርላንድን አረማዊ በዓል ወስዳ ስሙን ብቻ ቀየረች የሚለው ታሪክ በማስረጃ ሲፈተን ይላላል። የሕዝቡ ልማድና የቤተ ክርስቲያኑ በዓል በአንድ ወቅት ተገናኙ፤ ከዚያም በዘመናት ብዛት እርስ በርስ ተቀላቀሉ።

የነፍስ ዳቦ

ከቤት ወደ ቤት የመዞሩ ልማድ ከየት መጣ? ለዚህ መልስ ለማግኘት ወደ ቀጣዩ ቀን፣ ወደ ኖቬምበር 2 ማለፍ ያስፈልጋል። የክሉኒ ገዳም አበምኔት የነበሩት ኦዲሎ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ገደማ ይህ ቀን ያረፉ ክርስቲያኖች ሁሉ የሚታሰቡበት እንዲሆን በገዳሞቻቸው ሥርዓት ሠሩ። ሥርዓቱም በምዕራቡ ዓለም ተስፋፋ። ኖቬምበር 1 የቅዱሳን፣ ኖቬምበር 2 የሙታን ሁሉ መታሰቢያ ሆነ ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር በዚህ ሰሞን ድሆችና ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ይዘምሩ ነበር። ባለቤቶቹም ትንንሽ ዳቦ ጋግረው ይሰጧቸዋል። ዳቦው «የነፍስ ዳቦ» ይባል ነበር። የተቀበለው ሰው ለዚያ ቤት ሙታን ነፍስ ይጸልያል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጆን ኦብሪ የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ፣ ሽሮፕሺር በተባለው አውራጃ በየቤቱ ጠረጴዛ ላይ የነፍስ ዳቦ ተከምሮ ለመጣ ሁሉ ይታደል እንደ ነበር ጽፏል። ሼክስፒርም በአንዱ ተውኔቱ ውስጥ በቅዱሳን በዓል ሰሞን የሚለምንን ሰው ለምሳሌ ጠቅሷል፤ ልማዱ ተመልካቹ ሁሉ የሚያውቀው ነበርና።

እዚህ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ቆም ማለቱ አይቀርም፤ ነገሩ ለእርሱ ባዕድ አይደለምና። ተዝካር ስናወጣ፣ ያረፈውን ወገናችንን እያሰብን ለነዳያን እንጀራና ዳቦ ስናቀርብ፣ የበሉት «ነፍስ ይማር» ሲሉ የምንሰማው ይህንኑ የመሰለ ነው። ልዩነት የለም ማለት አይደለም፤ ከሞት በኋላ ነፍሳት በእሳት የሚነጹበት ስፍራ አለ የሚለውን የሮማ ካቶሊክ ትምህርት ቤተ ክርስቲያናችን አትቀበልም። ሆኖም ስለ ሙታን መጸለይና በስማቸው መመጽወት በእኛ ዘንድ የጸና ሥርዓት ነው። እንግዲህ የከረሜላው ልማድ ወደ ኋላ ሲመረመር ከምጽዋትና ከጸሎት ደጃፍ ላይ ያደርሰናል።

ጸሎቱ ሲቀር

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የተነሣው የፕሮቴስታንት እንቅስቃሴ ለሙታን መጸለይን ከለከለ። በ1547 የወጣው ሕግ ስለ ሙታን ቅዳሴና ጸሎት እንዲደርስባቸው በስጦታ የተቋቋሙትን ቤቶች ዘጋቸው፤ ሀብታቸውም ለመንግሥት ሆነ። ካህኑ ስለ ሙታን መጸለዩን አቆመ። ልጆቹ ግን መዞራቸውን አላቆሙም። በቼሺርና በሽሮፕሺር መንደሮች እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ እየዘመሩ ይዞሩ ነበር፤ ስለ ማን ነፍስ እንደሚዞሩ ግን ቀስ በቀስ ተረሳ። ልመናው ቀረ፤ ጸሎቱ ተለየው።

በስኮትላንድና በአይርላንድ ደግሞ ልጆች በዋዜማው ሌሊት ጥላሸት ተቀብተው ወይም ጭምብል አጥልቀው ይዞሩ ነበር። ከመሬት ሥር የሚበቅል ድቡልቡል አትክልት ውስጡን ፍቀው፣ ፊት ቀርጸውበት ሻማ እያበሩ እንደ ፋኖስ ይይዙታል። በስኮትላንድ ልጁ ስጦታውን የሚያገኘው ዘፈን ዘፍኖ፣ ግጥም ደርድሮ ወይም ቀልድ ነግሮ ነበር። ጸሎቱ ባይኖርም እንኳ የሚቀበለው ልጅ ገና ባዶ እጁን አልመጣም፤ ቢያንስ ደስታ ይዞ ይመጣ ነበር።

ወደ አሜሪካ ሲሻገር

ከ1845 ጀምሮ በአይርላንድ በደረሰው ታላቅ ረሃብ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ስኮትላንዳውያንም ወደ አሜሪካና ወደ ካናዳ ፈለሱ። ልማዳቸውንም ይዘው ሄዱ። ፋኖሱ በዚያ ምድር በብዛት ከሚገኘው ዱባ ይሠራ ጀመር። ከጊዜ በኋላ ግን ሌሊቱ የወጣቶች መረን የወጣ ተንኮል መፈጸሚያ ሆነ። የግቢ በር ነቅሎ መውሰድ፣ ጋሪ ጣሪያ ላይ መስቀል፣ መስኮት በሳሙና መለቅለቅ የተለመደ ሆነ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ጥፋቱ እየከፋ ሲሄድ የየከተማው አስተዳደርና ወላጆች ልጆቹን በጨዋታና በጣፋጭ ለመያዝ ጣሩ።

በዚሁ ዘመን በካናዳ ጋዜጦች ላይ አዲሱ አነጋገር መታየት ጀመረ። ልጆቹ በር ላይ ቆመው የሚሉት ቃል በአጭሩ «ወይ ጣፋጭ ስጡን፣ ወይ እንተናኮላችኋለን» የሚል ነው። በቀልድ ይባላል፤ ማንም አይፈራውም። ቃሉ ግን ዛቻ ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ስኳር ከ1942 እስከ 1947 በአሜሪካ በራሽን ሆነ፤ ዙሩም ቀዘቀዘ። ጦርነቱ አልፎ ስኳር እንደ ልብ ሲገኝ ግን ልማዱ በአዳዲሶቹ የመኖሪያ ሰፈሮች ሁሉ ተስፋፋ። መጀመሪያ ልጆቹ የሚሰጣቸው ፖም፣ ለውዝ፣ በቤት የተጋገረ ብስኩት፣ አንዳንዴም ሳንቲም ነበር። የከረሜላ ፋብሪካዎች ትንንሽና የታሸጉ ጣፋጮችን ለዚህ ሌሊት ብለው ማቅረብ ሲጀምሩ ያ ሁሉ ለፋብሪካው ምርት ቦታውን ለቀቀ።

በመካከሉ ግን አንድ መልካም ነገር እናገኛለን። በ1950 በፊላደልፊያ የአንድ ፕሮቴስታንት ሰባኪ ቤተሰብ፣ ልጆች ለራሳቸው ከረሜላ ከመሰብሰብ ይልቅ በጦርነት ለተጎዱ የሌላ አገር ሕፃናት ሳንቲም እንዲለምኑ አደረገ። በመጀመሪያው ዓመት የተሰበሰበው 17 ዶላር ብቻ ነበር፤ ለተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ለዩኒሴፍ ተላከ። ከዚያ በኋላ በየትምህርት ቤቱ ተስፋፍቶ ብዙ ገንዘብ ተሰብስቦበታል። ለሌላ ሰው መለመን ከልማዱ ውስጥ ፈጽሞ አልሞተም ነበር ማለት ነው።

የሚማርከውና የሚያሳስበው

ለልጅ ይህ ነገር ለምን እንደሚጣፍጥ ብንጠይቅ መልሱ ከረሜላው ብቻ አይደለም። ከረሜላ በሱቅ ሞልቷል። ልጁን የሚማርከው በሩ መከፈቱ ነው። በትልልቅ ከተሞች ጎረቤት ከጎረቤት ሳይተዋወቅ ዓመታት ያልፋሉ። በዚያች ሌሊት ግን ትንሽ ልጅ ሲያንኳኳ ትልቅ ሰው ይከፍትለታል፤ ፈገግ ብሎ ይሰጠዋል። ሰው ለሰው በሩን እንዲከፍት የሚሻ ረሃብ በልጁ ልብ ውስጥ አለ፤ ይህም ረሃብ መልካም ነው።

ነገር ግን ያ መከፈት እንኳ በፍርሃት ተከቧል። «በከረሜላው ውስጥ መርዝ ይጨምራሉ» የሚለው ወሬ ከ1970ዎቹ ወዲህ የአሜሪካ ወላጆችን ሲያስጨንቅ ኖሯል። ጆኤል ቤስት የተባሉ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ከ1958 ጀምሮ የተዘገቡትን ጉዳዮች መርምረው፣ ለማያውቃቸው ልጆች የተመረዘ ከረሜላ አድሎ ልጅ የገደለ ሰው አላገኙም። ያም ሆኖ ፍርሃቱ አልጠፋም። የሰጠው ሰው ዳቦውን ጋግሮ፣ የተቀበለው ልጅ ስለ ሰጪው ሙታን ይጸልይ የነበረበት ልማድ፣ ተቀባዩ ሰጪውን ወደሚጠረጥርበት ደረሰ።

ሌላው የሚያሳስበው ጭምብሉ ነው። ሞትን፣ አጽምንና ርኩሳን መናፍስትን መጫወቻ ማድረግ ለተጠመቀ ልጅ የሚገባ አይደለም። በምሥጢረ ጥምቀት ጊዜ፣ ሕፃኑን የሚቀበለው የክርስትና አባት ወይም እናት ፊትን ወደ ምዕራብ መልሶ ስለ ሕፃኑ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅ ተመልሶም በሥላሴ ማመኑን ይመሰክራል። በዚያ የተካደውን መልክ ለአንድ ሌሊት ለቀልድ መልበስ ያን ክህደት ማቅለል ይሆናል።

ከታቦር ተራራ እስከ የኔታ ደጅ

ውድ አንባብያን፣ የእኛም ልጆች በር ያንኳኳሉ። በነሐሴ 12 ምሽት ችቦ በርቶ፣ በነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦርን በዓል ስናከብር፣ ወንዶች ልጆች ዱላ ይዘው፣ አውራጅና ተቀባይ ሆነው ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። የቤቱ እመቤት ሙልሙል ትሰጣቸዋለች። በዓሉ በጾመ ፍልሰታ መካከል ስለሚውል ሙልሙሉ የጾም ነው። ልጆቹም ሲቀበሉ ዝም ብለው አይሄዱም፤ ቤቱን፣ ባለቤቱን፣ የሚመጣውን ዓመት መርቀው ይሄዳሉ።

አበው ይህን ሁሉ ከወንጌል ጋር አያይዘው ያስተምሩናል። ጌታችን ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራ ወጣ፤ ብርሃነ መለኮቱን ገለጠላቸው፤ ሙሴና ኤልያስም ተገኙ (ማቴ. 17)። ችቦው የዚያ ብርሃን ምሳሌ ነው። የጅራፉ ጩኸት ከደመናው የተሰማውን የአብን ድምፅና የደቀ መዛሙርቱን መደንገጥ ያስታውሰናል። ሙልሙሉም፣ በተገለጠው ብርሃን ምክንያት የመሸ ሳይመስላቸው በመስክ ለቆዩት እረኞች ወላጆቻቸው ይዘውላቸው የሄዱት እንጀራ መታሰቢያ ነው። ልጁ ደጅ ላይ ሲቆም ወንጌልን ይዞ ቆሟል ማለት ነው።

ከዚህም የጠለቀ ደጅ ማንኳኳት አለን። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ በትር ይዞ ከመንደር መንደር ይዞራል። ከየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ስለ ማርያም ስም ብላችሁ ማለት ነው። ቁራሽ ወይም ቆሎ ይሰጠዋል፤ ያንን ይዞ ወደ የኔታ ይመለስና ንባቡን፣ ዜማውን፣ ቅኔውን ይማራል። ዛሬ በየአጥቢያችን የሚቀድሱልን አባቶች፣ የሚያዜሙልን ሊቃውንት ከእነዚህ ልጆች መካከል የወጡ ብዙ ናቸው። ያች ቁራሽ ባትሰጥ ኖሮ ማኅሌቱ በቆመ ኖሮ ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ይህንን ከፍ ብለን ካየነው ጋር አስተያዩት። አንዱ «ስጡኝ፣ አለዚያ» ይላል። ሌላው «ስለ ማርያም» ይላል። ሁለቱም ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተዋል።

ጥቅምት 21

ኦክቶበር 31 በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ዓመታት ጥቅምት 21 ቀን ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት ባለው ዓመት ብቻ ጥቅምት 20 ይሆናል። ወር በገባ በ21 የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ነው። ወቅቱም ዘመነ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ስደት ታስባለች፤ ብዙ ምእመናንም በፈቃዳቸው ይጾሙታል። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል ሲፈልግ እናቱ በጀርባዋ አዝላ፣ ከዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር ወደ ግብፅ ሸሸች። በዚያ በረሃና በዚያ ባዕድ አገር ማደሪያና ውኃ እየለመነች፣ አንዳንዱ ሲቀበላት አንዳንዱ ሲያባርራት እንደ ተንከራተተች አበው ይተርካሉ።

እንግዲህ በአሜሪካ ጎዳናዎች ልጆች ደጅ በሚያንኳኩባት በዚያች ምሽት፣ ቤተ ክርስቲያናችን የሌላ ደጅ ማንኳኳትን ታስባለች፤ የአምላክን እናት፣ በጀርባዋም ያለውን ስደተኛ ሕፃን። በስደት አገር ለሚኖር ቤተሰብ ከዚህ የቀረበ ታሪክ ከወዴት ይገኛል?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ታሪኩ ያሳየንን ማስጠንቀቂያ እንስማ። በእንግሊዝ አገር መጀመሪያ የተዘጋው የቤቱ በር አልነበረም። መጀመሪያ የጠፋው ጸሎቱ ነው። ልጆቹ ከዚያ በኋላ ከ300 ዓመት በላይ ዞረዋል፤ ባዶውን ቦታ ጭምብል፣ ተንኮል፣ በመጨረሻም ፋብሪካ ሞላው። የእኛም ቡሄ ከዚህ አደጋ ነጻ አይደለም። ሙልሙሉ በብር ከተተካ፣ ምርቃቱ በጥድፊያ ከተዘለለ፣ ልጁ «ለምን ትዞራለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ለብር» ብቻ ብሎ ከመለሰ፣ ታቦር ከበዓሉ ወጥቷል። የቀረው ልጅና ደጅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ለልጃችሁ «አይሆንም» ብቻ አትበሉት፤ ታሪኩን ንገሩት። የነፍስ ዳቦውን፣ የተረሳውን ጸሎት፣ የቆሎ ተማሪውን አኩፋዳ ንገሩት። ልጅ ከልማድ የሚርቀው ሲከለከል ሳይሆን የተሻለውን ሲቀምስ ነው። በውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ በነሐሴ ወር ልጆቻችሁን ሰብስቡ፤ በአጥቢያችሁ ምእመናን ቤት እየዞሩ እንዲዘምሩ፣ ሙልሙል እንዲቀበሉ፣ ቤቱን እንዲመርቁ አድርጉ። የሰበሰቡትንም ገንዘብ በአገር ቤት ላለ የአብነት ትምህርት ቤት ይላኩት፤ ያን ጊዜ ልጁ ደጅ የቆመው ለሌላው ልጅ ይሆናል። ለዚያች ለጥቅምቷ ምሽት ደግሞ ቤተሰባችሁ እንዴት ሊሆን እንደሚገባው ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማከሩ።

ወጣቶች ሆይ፣ እናንተም በዚያች ምሽት የጎረቤት ልጅ ደጃችሁን ቢያንኳኳ መብራት አጥፍታችሁ አትደበቁ። እርሱ ታሪኩን አያውቅም፤ ጠላታችሁም አይደለም። ክፈቱለት፤ የምትሰጡትን ስጡት፤ ስሙንም ጠይቁት። ከሄደ በኋላ ስለ እርሱና ስለ ቤተሰቡ አጭር ጸሎት አድርጉ። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከዚያ ደጅ የጠፋውን ነገር መልሳችሁ አኖራችሁት ማለት ነው።

በመጨረሻም የዮሐንስ ራእይ የሚነግረንን እናስብ (ራእ. 3፥20)። በደጃችን ቆሞ የሚያንኳኳ ጌታ አለን፤ አይዝትብንም፤ በሩንም አይሰብርም። ድምፁን ሰምቶ ለከፈተለት ገብቶ ከእርሱ ጋር እራት ይበላል። ልጆቻችን ያንን ድምፅ ለይተው እንዲያውቁ፣ ሰምተውም እንዲከፍቱ፣ እርሱ በቸርነቱ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።